ፊቴን የለጠፍሽበት ቅባት

ሳንታ ብሪጊዳ፣ ኡካያሊ ወንዝ ዳር
ጃንዋሪ 8

ለዴልሲ ማኒዋሪ፣ ሊማ

ሳትጠይቂኝ ፊቴን በቅባት ብልቃጥ ላይ ለጥፈሽ ሸጠሻል። በደሉ ይህ ነው። ሰላምታውን ከበደሉ በኋላ ያደረግሁት ሥርዓት ጠፍቶኝ ሳይሆን በደሉ ቀድሞ ስለደረሰኝ ነው። አሁን ሰላምታው፤ እንደምን ከርመሻል? እግዚአብሔር ጤና ይስጥሽ። አያትሽ ሴልሚራ የአክስቴ ልጅ ነበረች። እሷም የሰው ነገር ሳትጠይቅ ታነሣ ነበር። ግን ትመልስ ነበር።

እንዴት እንደሰማሁ ልንገርሽ። ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ አብኔር ሱቅ በር ላይ ቁጭ ብለናል። የዶኛ ኦርፋ ልጅ ከኢኪቶስ ለእናቷ ቅባት ይዛ መጥታለች። ኦርፋን ታውቂያታለሽ፤ የለቀማ ሴቶች አለቃ ናት፣ አምና ልትጠይቂን ስትመጪ በታንኳዋ ያሻገረችሽ። መነጽሯን አደረገችና ብልቃጡን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ እንደገና ብልቃጡን።

«ይሄ አንተ አይደለህም እንዴ?» አለችኝ።

«አይደለሁም» አልኳት። ነበርኩ።

ጮክ ብላ አነበበችው። «‹ዶን ኤውሎሂዮ እያንዳንዷን የካሙ ካሙ ፍሬ ከገዛ ዛፉ በገዛ እጁ ይለቅማል።› በገዛ እጁ! ሰማችሁ? እኛ ለካ ታንኳ ላይ ተቀምጠን ትንኝ ስናባርር ነው የምንውለው።»

«እኔ አልጻፍኩትም።»

«ቅርጫቱስ? ይሄ የያዝከው ቅርጫት የማነው? እጀታውን በሰማያዊ ገመድ ያሰርኩት ማን ሆኜ ነው?»

እውነቷን ነው። አንቺ ፎቶውን ስታነሺ ኦርፋ ከታንኳዋ ውሃ እየጨለፈች ትደፋ ነበር። «እስቲ ያዝልኝ» አለችኝ፣ ያዝኩላት። ለሰው ቅርጫት የመያዝ ልማድ የለኝም። አንድ ቀን ብይዝ ሊማ ድረስ ተሰማ።

አብኔር ደግሞ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ፣ «ዶን ኤውሎሂዮ፣ ፎቶው ላይ ግን ወዝ አለዎት፤ ምን ተቀብተው ነው?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ይህ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ማክሰኞ ደቦ ጠራሁ። የካሳቫ ጠላችንን፣ ማሳቶውን፣ አስጠመቅሁ። ዓሣ ጠብሼ በቅጠል ጠቀለልኩ። ማንም አልመጣም። ኦርፋ ከነሴቶቿ በታንኳ በደጄ አለፈች። ሰላም ልትለኝ ነው ብዬ ስነሣ መቅዘፊያዋን ወደ ላይ አድርጋ «በገዛ እጅህ!» ብላኝ ሄደች።

ከተማ ስለቆየሽ ረስተሽው እንደሆነ፣ ወንዙ እየሞላ ነው። ካሙ ካሙ ዳር ላይ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ ውሃ ከቀደመን ፍሬውን ጋሚታና የሚባለው ዓሣ ይለቅመዋል። ብቻዬን ሞከርኩ። አንድ እጄ መቅዘፊያ ያዘ፣ አንድ እጄ ቅርንጫፍ ያዘ፣ ለፍሬው የተረፈ እጅ አልነበረኝም። የዓመቱ ምርቴ የዓሣ ቀለብ ሊሆን ነው። ደቦ የማይመጣለት ሰው ደግሞ በዚህ ወንዝ ላይ ሰው አይባልም።

ፊቴን ከብልቃጡ ላይ አንሺ። ከሁሉም ላይ። ስልክ እንዳትደውዪ፤ በስልክ የተባለ ነገር ነገ ይካዳል። ጻፊ።

ኤውሎሂዮ ታማኒ


ቪያ ኤል ሳልቫዶር፣ ሊማ
ጃንዋሪ 24

ለተከበሩ አጎቴ ለዶን ኤውሎሂዮ

እንደምን አሉልኝ? ወገብዎስ እንዴት ነው? ቅድስት ብሪጊዳ ከነፋስም ከእባብም ትጠብቅልኝ፤ ዕድሜዎን እንደ ወንዙ ታርዝምልኝ። እኔ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ በጣም ደህና ነኝ። እዚህ ሙቀቱ ለጉድ ነው፤ ቅባቱን የምንሞላበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ እኛም አብረን ልንቀልጥ ነው።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የተሰማኝን ደስታ በምን ቃል ልንገርዎ! የእጅ ጽሑፍዎ አሁንም እንዴት ያምራል!

አጎቴ፣ ፎቶውን ያደረግሁት ለክብርዎ ነው። እዚህ ምን ያህል እንደሚወደዱ ቢያዩ! ገበያ ላይ ሴቶቹ ብልቃጡን ያነሡና፣ «እኚህ ሽማግሌ አይዋሹም፤ ፊታቸውን እዩትማ፣ ስቀው የሚያውቁ አይመስሉም» ይላሉ። ከሌላው ሻጭ ትተው ወደ እኔ የሚመጡት ለዚህ ነው። ከአሬኪፓ አንዲት ሴትዮ ደግሞ ሚስት እንዳለዎት ጽፋ ጠየቀችኝ። የለችም አልኳት። አይቆጡኝ፤ ውሸት አልተናገርኩም።

መለያውን ስለማንሣት ያሉትን አንብቤያለሁ። ችግሩ ግን አንድ ጥቅል ሙሉ ታትሞ ተቀምጧል፤ ሲያልቅ እናየዋለን። ለአሁኑ አንዲት ትንሽ ነገር ልለምንዎት። በሚቀጥለው ወር ትልቅ የንግድ ትርኢት አለ፤ አዘጋጆቹ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ፈቅዷል የሚል ወረቀት ይፈልጋሉ። አብሬ ልኬዋለሁ፤ መስቀል ያደረግሁበት ቦታ ላይ ይፈርሙልኝ። ጥርስዎ የሚታይበት ፎቶ ካለዎትም ይላኩልኝ፤ ለትልቁ ሰሌዳ ፈገግታ ይሻላል ብለውኛል።

ለእርስዎ አንድ ብልቃጥ ልኬያለሁ። ጠዋት ፊትዎን ታጥበው የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ ይቀቡ። ቫይታሚን ሲ ቆዳን ያፈካል፤ ፀሐይ ያጠቆረውን ቀስ እያለ ያጠራል። ክዳኑን ከፍተው አይተዉት፤ ብርሃንና አየር ያበላሸዋል። ብልቃጡ ጥቁር የሆነውም ለዚሁ ነው።

ለዶኛ ኦርፋ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ ዴልሲ


ሳንታ ብሪጊዳ
ፌብሩዋሪ 5

ለዴልሲ

ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ለቤትሽም።

ስለ ጥርሴ ጻፍሽ። ስለ ደቦው አልጻፍሽም። ደብዳቤሽን መላልሼ አገላበጥኩ፤ ከጀርባው ይኖር ይሆን ብዬ። ጀርባው ባዶ ነው።

ሰላምታሽን ለኦርፋ አድርሻለሁ። «በገዛ እጅህ ነው ያመጣኸው?» አለችኝ።

ወረቀቱን አልፈረምኩም። ስቄ የተነሣሁት ፎቶ የለም። ለአሬኪፓዋ ሴትዮ፣ እኔ ከብልቃጥ ላይ ታይቼ የምመረጥ ሰው አይደለሁም በያት።

አሁን ወደ ብልቃጡ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ በልጅነቴ እዚህ ትምህርት ቤት አልነበረም። ማንበብ የለመድኩት ከዘር ከረጢት፣ ከዱቄት ጆንያና ከወባ መድኃኒት ሣጥን ላይ ነው። ስለዚህ ዕቃ ላይ የተጻፈ ነገር ሳልጨርስ አልተውም። የጀርባው ጽሑፍ ለጉንዳን የተጻፈ ቢመስልም የፓስተሩን አጉሊ መነጽር ተውሼ፣ ብርሃን ባለበት ደጃፌ ላይ ተቀምጬ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

ውሃ ይላል። ከዚያ ግሊሰሪን። ከዚያ ስሙ እንደ አናኮንዳ የረዘመ፣ አስኮርቢል ግሉኮሳይድ የሚባል። ከዚያ ሰም ነገር፤ ከዚያ ሌሎች ረጃጅሞች፤ ከዚያ ሽቶ። ወደ መጨረሻው ላይ ደግሞ የቅዳሴ ቋንቋ የሚመስል ስም። ካሙ ካሙ የሚል ቃል በፊት ለፊቱ በትልቁ አለ። ከጀርባ በትንሹ የለም። ምን ማለት ነው? አንድ ሰው በፊት በር በክብር ገብቶ ጓዳ ውስጥ ካጣሁት፣ ወይ አልገባም፣ ወይ በልታችሁታል።

ቅደም ተከተሉም አልገባኝም። ውሃ መጀመሪያ መጻፉን አልቃወምም፤ ውሃ ከሁሉ በፊት የተፈጠረ ነው። ግሊሰሪን መቼ እንደተፈጠረ አላውቅም። ሽቶ ግን ከፍሬ ቀድሞ እንዳልተፈጠረ ማንም ያውቃል። በዕድሜ ካልሆነ በፊደል ተራ ይሆን ብዬ አየሁት። በፊደልም አይደለም። ታዲያ በምንድን ነው?

ቅባቱን አልተቀባሁትም። አሽትቼዋለሁ። ብርቱካን ብርቱካን ይላል። ካሙ ካሙ እንደዚያ አይሸትም።

ታችኞቹን ቅርንጫፎች ውሃ ሸፍኗቸዋል። ጋሚታናዎቹ ወፍረዋል።

ኤውሎሂዮ ታማኒ


ሊማ
ፌብሩዋሪ 16

ለተከበሩ አጎቴ

የመድኃኔ ዓለም ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን፤ ወንዙም ይታዘዝልዎ።

ትርኢቱ ስለደረሰ በአጭሩ እጽፋለሁ። የጀርባው ጽሑፍ ተራ በዕድሜም በፊደልም አይደለም። በብዛት ነው። በቅባቱ ውስጥ ከሁሉ የበዛው መጀመሪያ ይጻፋል፤ ያነሰው እየተከተለ ይሄዳል። ሕግ ነው፤ እኔ ያወጣሁት አይደለም።

ካሙ ካሙ አልጠፋም። የቅዳሴ ቋንቋ የመሰለዎት እሱ ነው፤ የዕፀዋት ስም በላቲን እንዲጻፍ ስለሚጠየቅ ነው። አዎ፣ ከሽቶው በታች ነው። ጥቂት ዱቄት ነው የምናደርገው።

እውነቱን ለእርስዎ ብቻ ልንገርዎት። ቆዳው ላይ የሚሠራው ቫይታሚን ሲ ያ ረጅም ስም ያለው፣ አስኮርቢል ግሉኮሳይድ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣ ነጭ ዱቄት ነው፤ ረጋ ያለ ነው፣ አያቃጥልም፣ ቶሎ አይበላሽም። የፍሬው ጭማቂ እንደዚያ አይደለም፤ ይኮመጥጣል፣ ይቦካል፣ ቡኒ ይሆናል። ካሙ ካሙ ለስሙ ነው። ሰው ግን ረጅሙን ስም አይቶ አይገዛም። ካሙ ካሙን አይቶ፣ እርስዎን አይቶ ይገዛል። ይህን እባክዎ ለማንም አይንገሩብኝ።

ወረቀቱን ግን ይፈርሙልኝ። ፈገግታው ይቅር።

ዴልሲ


ሳንታ ብሪጊዳ
ፌብሩዋሪ 25

ለዴልሲ

ሰላም ለአንቺ።

አሁን ገባኝ። ለምን መጀመሪያውኑ እንዲህ አላልሽኝም? ይህ እኮ የኛው የቅል ተራ ነው! ደቦ ሲያልቅ ማሳቶው በቅል ሲዞር መጀመሪያ የሚጠጣው ብዙ የለቀመ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ሽማግሌ ስለሆነ አይቀድምም። የአለቃ ዘመድ ስለሆነ አይቀድምም። ለማየት የመጣ መጨረሻ ላይ አተላውን ይጠጣል። ሕግሽ ጥሩ ሕግ ነው። ያወጡት ሰዎች ደቦ ወጥተው የሚያውቁ መሆን አለባቸው።

ስለዚህ የጀርባውን ጽሑፍ በዚህ ሕግ እንደገና አነበብኩት። ያ አናኮንዳ ሲለቅም ይውላል። ካሙ ካሙ ዳር ቆሞ ያያል። ክብሩ የማን ነው? የካሙ ካሙ። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ማን ነው? ካሙ ካሙ። የሚሠራው ሌላ፣ የሚመሰገነው ሌላ። ይህንን ሳነብ ኦርፋ መቅዘፊያዋን ያነሣችበት ነገር እንደ አዲስ ወጋኝ። በእኔና በእሷ ላይ ያደረግሽውን በፍሬውና በዱቄቱ ላይም አድርገሽዋል። ብልቃጡ ከፊት ይዋሻል፤ ከጀርባ ንስሐ ይገባል። ንስሐውን ግን ማንም እንዳያነብ አሳንሰሽ ጽፈሽዋል።

ኦርፋ ዘንድ ሄድኩ። ዶሮዎቿን እየመገበች ነበር።

«ጥፋቱ የኔ አይደለም» አልኳት።

«ፊቱ ግን ያንተ ነው።»

«ዴልሲ መለያውን ትለውጠዋለች።»

«ትለውጠው። እስክትለውጠው ፍሬህን ዓሣ ይልቀምልህ፤ ዓሣ ብልቃጥ አያነብም።»

«ኦርፋ፣ ውሃው እየሞላ ነው።»

«ውሃውማ ይሞላል፤ ምን ሥራ አለው?» ብላኝ ዶሮዎቿን መመገቧን ቀጠለች።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ካሣ እከፍላለሁ። ካሙ ካሙ ከሁሉ የሚቀድምበት ቅባት በገዛ እጄ እሠራለሁ፤ ይህን ቃል አሁን ልጠቀምበት ነው። ፍሬውን ጨምቄ፣ በአሳማ ስብ ለውሼ፣ ለደቦው ሴቶች ለእያንዳንዳቸው እሰጣለሁ። በጀርባው ላይ የምጽፈው ይህን ነው፦ ካሙ ካሙ፤ የአሳማ ስብ። አለቀ። ሽቶ የለም፣ ቀለም የለም፣ አናኮንዳ የለም። በገበያ ከሚሸጠው በምን ያንሳል? አንቺ ካሙ ካሙን ጅራት ላይ ካደረግሽው እኔ ራስ ላይ አደርገዋለሁ።

ያልሞከርኩትን ለሰው አልሰጥም። መጀመሪያ ራሴ እቀባዋለሁ፤ ሁሉም እያየ።

ኤውሎሂዮ ታማኒ


ሊማ
ማርች 6

አጎቴ፣ ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ!

እንዳይቀቡት! ደብዳቤዎ አሁን ነው የደረሰኝ። አብኔር ሱቅ ደውዬ ነበር፤ «ዶን ኤውሎሂዮን ጥራልኝ፣ አስቸኳይ ነው» አልኩት። ሄዶ ተመልሶ፣ «‹ትጻፍ› ብለውኛል» አለኝ። «እንዳይቀቡት በላቸው» ስለው፣ «እኔ በእሳቸውና በቅባታቸው መሃል አልገባም» አለ።

የካሙ ካሙ ጭማቂ ሳይበረዝ ፊት ላይ አይደረግም። እንደ ሎሚ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። በተለይ ጢምዎን በተላጩበት ቀን፣ በተለይ ደግሞ ፀሐይ ላይ! ብዛት ማለት ጥሩነት ማለት አይደለም። ተራው ማን እንደበዛ ነው የሚናገረው፤ ማን እንደሚበጅ አይናገርም። ይህንን ያኔ ልጽፍልዎ ይገባ ነበር። ትርኢቱን ብዬ አሳጠርኩት።

ወደ ትርኢቱም አልገባሁም። ወረቀቱ ስላልተፈረመ ጠረጴዛዬን ለሌላ ሰጡብኝ። እሱ ይቅር፤ እንዳይቀቡት ብቻ።

ዴልሲ


ሳንታ ብሪጊዳ
ማርች 14

ለዴልሲ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኔ በመሻል ላይ ነኝ።

ቅባቱ ተሠርቷል። የሠራሁትን ለመናገር አላፍርም፤ ሠርቼ የደበቅሁት ነገር የለኝም። ፍሬውን ከአብኔር ሱቅ ገዝቼ ጨመቅሁ፣ ስቡን አቀለጥኩ፣ በማዮኔዝ ጠርሙሶች ሞላሁ፣ ክዳናቸውን እስኪጮህ አጠበቅሁ፤ ሰው እንዲያያቸው አብኔር ሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ ከነፀሐዩ፣ አስደረደርኳቸው። አብኔር «ዶን ኤውሎሂዮ፣ ይሄ ነገር እየተነፈሰ ነው» አለኝ። «አንተ ዝም በል» አልኩት።

ሰው ፊት የሚቆም ሰው ተላጭቶ ይቆማል። ተላጨሁ። ወደብ ላይ ወጥቼ፣ ሴቶቹ ከለቀማ ሲመለሱ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ አንድ እፍኝ ወስጄ ፊቴን ሁሉ ቀባሁ። አተር የምታህል ብለሽ ነበር። ጥሩ ነገር በአተር ይለካል እንዴ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ሆነ።

እዚያው ቆምኩ። «ይቆጠቁጣል?» ብላ አንዷ ጠየቀችኝ። «አይቆጠቁጥም» አልኩ፤ ዓይኔ ግን ለብቻው ያለቅስ ነበር። ሮጬ ውሃ ውስጥ ልገባ ፈልጌ ነበር። አልገባሁም። ቀስ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ በሩን ዘጋሁ፤ ከዚያ በኋላ ስላደረግሁት ማንንም አያገባውም።

በማግስቱ ፊቴ የተቀቀለ የወንዝ ሸርጣን መሰለ። በሦስተኛው ቀን መላጥ ጀመረ። በዚያው ቀን አብኔር ሱቅ ውስጥ ጠርሙሶቹ አንድ በአንድ ፈነዱ፤ አንዱ ክዳን የአብኔርን ቆብ ይዞት ወጣ። ጭማቂው ቡኒ ሆኗል፣ ቦክቷል። ሱቁ እስከ ዛሬ የአሳማ ስብ ይሸታል። አብኔርም ይሸታል።

ሰው ሊጠይቀኝ መጣ። ሊጠይቀኝ አልመጣም፤ ሊያየኝ መጣ። ኦርፋ ከሁሉ ኋላ ደረሰች። ደጃፉ ላይ ቆማ ብልቃጡን ከመቀነቷ አወጣች፤ ፎቶውን ከፊቴ ጎን አስጠጋች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ፣ አንቱ እያለች፣ «እዚህ የሚኖር ዶን ኤውሎሂዮ የሚባል ሰው ነበር፤ የት እንደሄደ ያውቃሉ?»

በሩን ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ፤ እሷ ግን ቀጠለች።

«ወዝ የነበረው፣ መልከ መልካም፣ የሰው ቅርጫት የሚይዝ።»

ከዚያ ሳቀች። ቆማ መሳቅ አቃታት፤ ደረጃዬ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም ሳቁ። ስትጨርስ እንባዋን ጠርጋ ፊቴን በደንብ አየችው፤ በዚህ ጊዜ አልሳቀችም።

«ለኛ ብለህ ነው እንዲህ የሆንከው?»

«ለእናንተ አይደለም። ትክክል ስለሆነ ነው።»

«ፊትህን ይሄን አስመስለኸው ትክክል ነው ትላለህ?»

«ሐሳቡ ትክክል ነበር። ስቡ ነው ያበላሸው።»

«እግዚአብሔር ያሳይህ! ደቦ ጥራ አንተ ግትር። ነገ ጥራ፣ ውሃው ሳይጨርሰው።»

ጠራሁ። ሁሉም መጡ። አብኔር እንኳ ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ለምሳው ነው የመጣው። የላይኞቹን ቅርንጫፎች በሙሉ አዳኑ፤ ታንኳዎቹ በፍሬ ቀልተው ሲመለሱ አየሁ። እኔን ኦርፋ ፀሐይ እንዳልወጣ ከለከለችኝ። ፊቴ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጌ ዳስ ውስጥ ማሳቶ ስቀዳ ዋልኩ። ልወጣ ስል «ቁጭ በል!» ትለኛለች፣ ከወንዙ መሃል ሆና ታየኛለች።

አሁን የምፈልገውን ስሚ። አዲስ መለያ ታሳትሚያለሽ። ፊት አይኖርበትም፤ የማንም። ዱቄቱ ዱቄት ነው ተብሎ፣ ፍሬው ትንሽ ነው ተብሎ በሚነበብ ፊደል ይጻፍ። በፊት ለፊቱ የለቀሙት ሰዎች ስም ይስፈር፤ በቅል ተራ፣ ብዙ የለቀመ ቀድሞ። ማንንም በዝምድና አታስቀድሚ፤ ማንንም በኀፍረት አታስቀሪ። በእኔም ቢሆን።

ይህን ልዘጋ ስል የማርች ስድስት ደብዳቤሽ ደረሰ። አንብቤዋለሁ። ዘግይቷል።

ኤውሎሂዮ ታማኒ


ሊማ
ኤፕሪል 2

ለተከበሩ፣ ለምወድዎ አጎቴ

ፈጣሪ ቆዳዎን ይመልስልኝ፤ ድኛለሁ ካሉ በኋላ እንኳ ፀሐይ ላይ እንዳይወጡ። ለኦርፋም ለሁሉም ምሕረቱን ያብዛላቸው።

ስለ ደቦው ያኔ ያልጻፍኩልዎ ሳልረዳው ቀርቼ አይደለም። ወንዝ ዳር ነው የተወለድኩት፤ «ማንም አልመጣም» የሚለው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አፍሬ ነው። የምደበቅበት ሌላ ነገር አጥቼ በፈገግታዎና በጥርስዎ ተደበቅሁ። በእርስዎ ፊት ብዙ ሸጥኩ፤ የእርስዎን ፊት ግን ቀና ብዬ ማየት አልችልም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

የድሮውን ጥቅል ጣልኩት። አዲሱ ታትሟል፤ አንዱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ፊት የለበትም። ሽቶውን ቀንሼ የካሙ ካሙውን ዱቄት ከሱ በላይ አውጥቼዋለሁ፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፋብሪካ ቫይታሚን ሲ መሆኑንም በግልጽ ጽፌያለሁ። ገበያ ላይ የመጀመሪያዋ ሴትዮ አንብባ መልሳ አስቀመጠችው። ሁለተኛዋ አንብባ ገዛች። እንግዲህ እንዲህ እንቀጥላለን።

ስሞቹን ከማን ልጠይቅ ብዬ ለኦርፋ በአብኔር ስልክ ደወልኩላት። ማን ስንት ቅርጫት እንደሞላ በቃሏ ታውቀዋለች። እሷ እየነገረችኝ እንዲህ ጻፍኩ፦

«ይህን ፍሬ የለቀሙ፦ ኦርፋ ኩሪቺምባ፤ ኔይራ ያዋርካኒ፤ ሰጉንዲና ሲልቫኖ፤ ኤልያብ ሙራያሪ፤ አብኔር ፓካያ፤ ኤውሎሂዮ ታማኒ።»

አጎቴ፣ መጨረሻ ላይ ሳገኝዎ ደነገጥኩ። «ዶኛ ኦርፋ፣ እንዴት ከአብኔር በታች?» ብዬ ተከራከርኩ። «አብኔር ምሳው እስኪደርስ ግማሽ ቅርጫት ሞልቷል። ዶን ኤውሎሂዮ ውሃው ሲመጣ ብቻውን ታንኳ ላይ ሲንገዳገድ አንድ እፍኝ ነው የለቀመው፤ ሕጉ የሱ ነው፤ ጻፊ» አለችኝ። ከኋላዋ ሰው ሲስቅ ይሰማኝ ነበር።

አንድ መላ አለ። የቅባት መለያው ሕግ እንዲህም ይላል፦ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞሉት በመጨረሻው ክፍል ውስጥ እንደፈለጉ ሊቀያየሩ ይችላሉ። በዚህ ከሄድን እርስዎንና አብኔርን ብቀያይር ማንም አይከሰኝም። ገና ብዙ አልታተመም። አንድ ቃል ይጻፉልኝና እለውጠዋለሁ።

ልጅዎ ዴልሲ


ሳንታ ብሪጊዳ
ኤፕሪል 15

ለዴልሲ

ሰላም ለአንቺ፣ ለሥራሽም በረከት ይሁን። ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ እንደተቀበልኩ ሁለት ጊዜ አልጽፍም።

መለያው ደርሶኛል። ከመቶ አንድ እጅ አልሞላም ብለሽ በትሕትና ነግረሽኛል፤ ይህንንም አንብቤያለሁ።

እሑድ አብኔር ሱቅ ላይ ኦርፋ ጮክ ብላ አነበበችው። እስከ መጨረሻው አነበበች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቀስ አለች። አብኔር ወንበሩን ለቀቀልኝ፣ «ይቀመጡ ዶን ኤውሎሂዮ፤ እኔ እበልጥዎታለሁና መቆም እችላለሁ» አለ። አልተቀመጥኩም።

ቀያይሪው ልልሽ ብዕር አንሥቼ ነበር። እውነቱን ነው የምነግርሽ። ፍሬውን የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ዳሱ የኔ ነው፣ ማሳቶው የኔ ነው፤ ቆዳዬም የኔ ነበር። ይህን ሁሉ ጽፌ ቀደድኩት። መለያው ማን ተከለ አይልም። ማን ቆዳው ተላጠ አይልም። ማን ለቀመ ነው የሚለው። የለቀምኩት አንድ እፍኝ ነው፤ የአንድ እፍኝ ቦታ እዚያ ነው። አብኔርም ከእኔ በላይ ይቀመጥ፤ ለምሳ ብሎ ቢመጣም ለቅሟል።

እንዳለ ይታተም። አንድ ፊደል እንዳታነቃንቂ።

ውሃው ሲጎድል ነይ። ኦርፋ ማደሪያ አዘጋጅታልሻለች። ስለ ዓሣ እናወራለን፣ ስለ ሴልሚራ እናወራለን፣ ስለ ሙታንም ቢሆን እናወራለን። ስለ ቅባቱ፣ ስለ ፊቴና ስለ ተራው ግን አንቺ አትጠይቂኝ፤ ኦርፋ ብትጀምር አታስጨርሻት። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ነገር በቃልም በጽሑፍም አልናገርም። ጨርሻለሁ።

ኤውሎሂዮ ታማኒ